ምዕራፍ 6፦ ለአሮጌዋ ኮሮላ ስንት ይከፈላል?

ለቤቱ ሁለተኛ መኪና እንድትሆን በ4,000 ዶላር የተገዛች የ2008 ኮሮላ ታርጋ ሊወጣላት ሲል ኢንሹራንሱ የሚጠራው ዋጋ ገዢውን ያስደነግጠዋል። ደጅ የቆመችው የመጀመሪያዋ መኪና 32,000 ዶላር ታወጣለች እንበል። ይቺኛዋ የእሷ አንድ ስምንተኛ ናት። ክፍያዋ ግን ወደ አንድ ስምንተኛ ቀርቶ ወደ ግማሽም ላይወርድ ይችላል፤ አንዳንዴ ይባስ ብሎ ከመጀመሪያዋ ክፍያ ይበልጣል። "ኧረ ወንድሜ፣ መኪናዋ እኮ አሮጌ ናት!" የሚለውን እሮሮ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ያለ አበሻ ኤጀንት ሁሉ ለምዶታል።

አሮጌነቷ ከሂሳቡ ውስጥ የሚገባው በጥቂቱ ነው። ከአረቦኑ አብዛኛው የሚከፈለው መኪናዋ ለምትገጨው ሰውና ንብረት ነውና። ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን ብረት በ395 አውራ ጎዳና ላይ በሰዓት 60 ማይል ሲሄድ፣ ኮፈኑ ዝጎም ይሁን አብረቅርቆ፣ የሚሰብረው እግር ያው ነው። የሆስፒታሉ ሂሳብ ክፍልም የገጨችው መኪና ስንት ተገዛች ብሎ አይጠይቅም።

ብዙ ሰው ግን ይህን ገልብጦ ነው የሚያስበው። መኪናዋ ርካሽ ስለሆነች ለሌላው ሰው የሚከፈለውን ካሳ ሕጉ እስከፈቀደው ድረስ ዝቅ ያደርጋል። በዚያው ውል ውስጥ ለራሱ ቆርቆሮ ፉል ካቨሬጅ ይገዛል፤ መጠሪያው ራሱ "ሙሉ" ስለሚል ልብ ያሳርፋል። ለአሮጌ መኪና ነገሩ መሆን ያለበት በተቃራኒው ነው፦ ለራስ ቆርቆሮ መሰሰት፣ ለሌላው አካል መለገስ። የዚህ ምዕራፍ ቀሪ ክፍል ይህን የማደርገው እንዴት ነው ለሚል ሰው ነው።

የአሜሪካ ኮንግረስ በ1945 ባወጣው ሕግ የኢንሹራንስ ቁጥጥርን ለየክፍለ ግዛቶቹ ተወው። ስለዚህ ከቨርጂኒያው ስካይላይን ተነስቶ በዲሲ አቋርጦ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ እስኪደርስ አንድ ሾፌር በሦስት ሕጎች ውስጥ ያልፋል። ላያቢሊቲ የሚባለው፣ አገር ቤት ሦስተኛ ወገን ብለን መስታወት ላይ የምንለጥፍለት ዓይነት፣ በሦስቱም ግዴታ ነው። ዝቅተኛው መጠን ግን ይለያያል። ቨርጂኒያ ከጥር 2025 ጀምሮ ለአንድ ተጎጂ 50,000፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱ ሁሉ 100,000፣ ለንብረት ደግሞ 25,000 ዶላር ትጠይቃለች። ሜሪላንድ 30,000፣ 60,000 እና 15,000 ትላለች። ዲሲ 25,000፣ 50,000 እና 10,000 ይበቃኛል ትላለች። ቨርጂኒያ እስከ ሰኔ 2024 ድረስ አንድ እንግዳ ነገር ነበራት፤ ለታርጋና መንጃ ፈቃድ ቢሮው፣ ለዲኤምቪ፣ በዓመት 500 ዶላር የከፈለ ሰው ያለ ምንም ኢንሹራንስ እንዲነዳ ይፈቀድለት ነበር። 500ው ምንም አይሸፍንም ነበር፤ ሰው ከገጨ ዕዳው የራሱ ነበር። ኢንሹራንስ የገዙ የመሰላቸው ግን አልጠፉም። አሁን ያ በር ተዘግቷል።

እነዚህን ቁጥሮች ከመንገዱ ጋር ማስተያየት ይበጃል። አዲስ መኪና በአማካይ ከ45,000 ዶላር በላይ በሚሸጥበት አገር የዲሲው 10,000 ምን ያህል ይጠግናል? ሴንሰርና ካሜራ የተሰካበት ፓራውልት ብቻውን ከዚያ ላይ ትልቅ ቁራሽ ይገምጣል። የሰው አካል ደግሞ ከፓራውልት ይብሳል፤ አምቡላንስ፣ አንድ ቀዶ ጥገና፣ ጥቂት የሆስፒታል ሌሊቶች 25,000ን በቀላሉ ያልፉታል። ከኢንሹራንሱ የተረፈው ዕዳ ወደ ሾፌሩ ይመጣል። ፍርድ ቤት ከወሰነ ከደመወዝ ላይ ይቆረጣል፣ በቤቱም ላይ ሊመዘገብ ይችላል። ሃያ ዓመት ለፍቶ ቤት የገዛ ሰው ይህን ሁሉ ለ4,000 ዶላር መኪና አስይዞ ነው የሚነዳው ማለት ነው።

ደስ የሚለው፣ ላያቢሊቲን ከፍ ማድረግ እንደሚፈራው አያስከፍልም። ከ50,000 እና 100,000 ወደ 100,000 እና 300,000 ሲወጣ ሽፋኑ በእጥፍና በሦስት እጥፍ ያድጋል፣ ክፍያው ግን በእጥፍ አይጨምርም። ውዱ የመጀመሪያው ሺህ ዶላር ነው፤ ትናንሽ ግጭቶች በየቀኑ ስላሉ። ትልልቁ አደጋ ጥቂት ሰው ላይ ስለሚደርስ ላይኛው እርከን ይረክሳል። ስለዚህ ዋጋ ሲጠይቁ በሁለቱም መጠን አስልተው እንዲነግሩዎት ያድርጉና ልዩነቱን ራስዎ ይዩ።

አሁን ወደ ራስ ቆርቆሮ እንምጣ። ፉል ካቨሬጅ የምንለው ከላያቢሊቲ ላይ የተጨመሩ ሁለት ነገሮችን ነው። ኮሊዥን መኪናዋ ስትጋጭ ወይም ስትገለበጥ፣ ጥፋቱ የሾፌሩ ቢሆንም፣ ያሠራል። ኮምፕሪሄንሲቭ ደግሞ ስርቆትን፣ እሳትን፣ በረዶን፣ የወደቀ ዛፍን፣ የተሰነጠቀ መስታወትን፣ በመከር ወራት የቨርጂኒያን መንገድ የሚያቋርጠውን አጋዘን ይይዛል። በባንክ ብድር የተገዛች መኪና ሁለቱንም እንድትይዝ አበዳሪው ያስገድዳል። በጥሬ ገንዘብ የተገዛች አሮጌ መኪና ግን ጌታዋ እርስዎ ነዎት፤ መተው ይችላሉ።

ለስሌት ያህል ኮሊዥኑ በዓመት 420 ዶላር ይሁን፣ ዲዳክቲብሉ፣ ማለትም ባለቤቱ መጀመሪያ ከኪሱ የሚችለው ድርሻ፣ 1,000። መኪናዋ ብትደመሰስ ኢንሹራንሱ የሚከፍለው የዕለቱን የገበያ ዋጋዋን ነው እንጂ የተገዛችበትን ወይም ጋራዥ የፈሰሰባትን አይደለም። ዛሬ 4,000 ከሆነች፣ ከዲዳክቲብሉ በኋላ የሚደርሰው ቢበዛ 3,000 ነው። ይህ ክፍያ እንዲያዋጣ ባለቤቷ በየሰባት ዓመቱ አንዴ በራሱ ጥፋት መኪና መደምሰስ አለበት። ያውም መኪናዋ ከዓመት ዓመት እየረከሰች፣ ከፋዩም ጥፋት በተመዘገበበት ቁጥር አረቦኑ እየጨመረ። የዓመቱ ክፍያ የመኪናዋን ዋጋ አንድ አሥረኛ ሲያልፍ ተወው የሚል የቆየ ልማድ አለ፤ እኔ ከዚያም ቀደም ብዬ እተወዋለሁ፣ 4,000 ዶላር በባንክ ያለው ሰው ከሆነ። መኪናዋ ብትሞት በማግስቱ ሌላ መግዣ የሌለው፣ ሌሊት ፈረቃ የሚሠራና አውቶቡስ የማያገኝ ሰው ግን ስሌቱ ይለይበታል። እሱ የሚገዛው ቆርቆሮ ሳይሆን ሥራውን ነው።

ኮምፕሪሄንሲቭን ግን ከኮሊዥን ጋር አብሮ መጣል አያስፈልግም። ብዙ ኩባንያዎች ብቻውን ይሸጡታል፣ ዋጋውም በአብዛኛው ከኮሊዥኑ በጣም ያንሳል። ደጅ ለሚያድር አሮጌ ፕሪየስ፣ ከሥሩ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን ቆርጠው የሚወስዱ ሌቦች ባሉበት ሰፈር፣ ለእኔ ያዋጣል።

እዚህ ላይ በዚህ አካባቢና በጥቂት ሌሎች ቦታዎች ብቻ የሚያጋጥም አንድ ወጥመድ አለ። "ያለ ጥፋቴ ከተገጨሁ የገጨኝ ሰው ኢንሹራንስ ያሠራልኛል፤ ኮሊዥን ምን ያደርግልኛል?" ማለት በአብዛኛው አሜሪካ ያስኬዳል። እዚያ ከጥፋቱ 20 በመቶው የእርስዎ ከሆነ ካሳው 20 በመቶ ይቀነሳል፣ ቀሪው ይከፈላል። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ ግን፣ ከሰሜን ካሮላይናና ከአላባማ ጋር፣ አሮጌውን ሕግ ይዘው ቀርተዋል። ተጎጂው ለአደጋው በጥቂቱም ቢሆን አስተዋጽኦ ካደረገ አንዳች አያገኝም። ዲሲ በ2016 እግረኞችንና ብስክሌተኞችን ከዚህ አወጣች፤ መኪና ለመኪና ሲሆን ግን እንደነበረ ነው። በዚህ ምክንያት የሌላው ወገን ኢንሹራንስ "የአንተም መኪና ትንሽ ፈጠን ብላ ነበር" የምትል አንዲት ሐረግ ለማግኘት ይደክማል። ከአደጋ በኋላ ለጨዋነት ብሎ "ይቅርታ፣ እኔም አላየሁህም" ማለት የአበሻ አስተዳደግ ነው፤ እዚህ ግን ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል። ኮሊዥን ያለው ሰው የራሱ ኩባንያ ከፍሎት ክርክሩን ለኩባንያዎቹ ይተዋል። ኮሊዥን የተወ ሰው ይህን አውቆ ይተው፤ ዳሽ ካሜራ ቢገጥምም አይከፋም።

የገጨው ሰው ኢንሹራንስ ከሌለው ወይም ገጭቶ ካመለጠ ደግሞ ሌላ ክፍል አለ፤ ኢንሹራንስ በሌለው ሾፌር ለሚደርስ ጉዳት የሚባለው። በሦስቱም ቦታዎች ከውሉ ጋር ይመጣል፣ አካልንም ንብረትንም ይነካል። ብዙ ሰው መኖሩን አያውቅም። ርካሽ ስለሆነ አረቦን ለመቀነስ ሲባል እሱን ዝቅ ማድረግ ቁጠባ አይባልም።

እስካሁን ያወራነው ስለሚገዛው ነገር ነው። ዋጋውን የሚወስነው ሌላው ግማሽ ሰውዬው ራሱ ነው፤ ይህን ለመረዳት ከጋይኮ ታሪክ የተሻለ የለም። በ1936 ሊዮ ጉድዊንና ባለቤቱ ሊሊያን በቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ ኩባንያውን ሲያቋቁሙ፣ ለመንግሥት ሠራተኞችና ለወታደሮች ብቻ ለመሸጥ አሰቡ። እነዚህ ሰዎች ደመወዛቸው የተረጋጋ፣ አነዳዳቸውም ጥንቃቄ ያለው ነው ብለው ገመቱ። ኤጀንት በመሃል ሳያስገቡ በፖስታ በቀጥታ ሸጡ። በዓመቱ የመንግሥት ሠራተኛ ወደሞላባት ዋሽንግተን ተዛወሩ፣ በኋላም ቼቪ ቼዝ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ተቀመጡ። ስሙ ራሱ የመንግሥት ሠራተኞች ኢንሹራንስ ኩባንያ የሚለው ምኅጻር ነው። ሀሳቡ ቀላል ነው፦ መኪናውን ትተህ ሰውን ምረጥ። ዛሬ ሁሉም ይህንኑ ያደርጋሉ፣ መምረጫው ግን በዝቷል፤ ዕድሜ፣ የቲኬትና የአደጋ መዝገብ፣ ዚፕ ኮድ፣ በዓመት የሚነዳ ማይል፣ ያልተቋረጠ የኢንሹራንስ ታሪክ፣ የክሬዲት ነጥብም ጭምር።

ክሬዲቱ ያናድደኛል። አንድም ቀን ቀይ መብራት ያልጣሰ ሰው፣ የሆስፒታል ዕዳ ስለዘገየበት፣ ሁለት ጊዜ ከተጋጨ ሀብታም በላይ ሊከፍል ይችላል። ካሊፎርኒያ፣ ሃዋይና ማሳቹሴትስ ይህን ከልክለዋል። ሜሪላንድ ውሉ ሲጀመር ትፈቅዳለች፣ ሲታደስ ግን በክሬዲት ምክንያት አረቦን መጨመርን ትከለክላለች። ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ ሰው ክሬዲቱ ከተሻሻለ ወዲህ ውሉ እንደገና እንዲሰላ ካላደረገ፣ ያለፈውን ሰውዬ ሂሳብ እየከፈለ ነው።

ሁለተኛ መኪና ወደ ቤት የምትገባው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሾፌር ስለመጣ ነው። ወይ ሚስት ከአዲስ አበባ ገብታ መንጃ ፈቃድ አውጥታለች፣ ወይ ልጅ 16 ዓመት ሞልቶታል። ዋጋው የዘለለው በኮሮላዋ ሳይሆን በእነሱ ነው። አገር ቤት አሥር ዓመት የነዳ ሰው እንኳ እዚህ መዝገብ ስለሌለው እንደ ጀማሪ ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ ለብቻው አዲስ ውል ከማስከፈት ባለው ውል ላይ መኪናዋንም ሰውየውንም መጨመር በአመዛኙ ይረክሳል፤ የሁለት መኪና ቅናሽ አለ፣ የቆየው የቤቱ ታሪክም ይረዳል። ለልጁ ደግሞ ኤጀንቱን ሊጠይቁት የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፦ "ኩባንያችሁ ሾፌርን ከመኪና ጋር የሚያገናኘው እንዴት ነው?" አንዳንዶቹ ውዱን ሾፌር ወደ ውዷ መኪና በራሳቸው ይወስዱታል። ሌሎቹ ልጁ በዋናነት አሮጌዋን ነው የሚነዳ ሲባሉ በእሷ ላይ ይመዘግቡታል፤ ኮሊዥን የሌላት አሮጌ መኪና ላይ የተመዘገበ ጎረምሳ ከአዲሷ ላይ ካለው ያነሰ ያስከፍላል። ትምህርት ቤት ቢ እና ከዚያ በላይ ካመጣ የጎበዝ ተማሪ ቅናሽ ይጠየቃል፤ ካልጠየቁ የሚሰጥ የለም።

ውሉ ላይ በቤቱ የሚኖር ባለ መንጃ ፈቃድ ሁሉ እንዲጻፍ ይጠየቃል። የአበሻ ቤት እዚህ ላይ ይቸገራል። ቤዝመንት ያለው የአክስት ልጅ፣ ለሦስት ወር መጥቶ ሁለት ዓመት የቆየው ጓደኛ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቁልፍ የሚያነሳው ወንድም፤ ማን ይጻፋል? የሚነዳውን መጻፍ፣ የማይነዳውን ሕጉ በሚፈቅድበት ቦታ በጽሑፍ ማስወጣት ነው መፍትሔው። ከውሉ የወጣ ሰው ግን ያቺን መኪና ለአንድ ቀንም መንዳት የለበትም፣ ቢጋጭ ኩባንያው አልከፍልም ሊል ይችላልና። አድራሻም እንዲሁ ነው። መኪናዋ የምታድረው ዲሲ ሆኖ ሳለ ረከስ ይላል ተብሎ በቨርጂኒያ ዘመድ አድራሻ ማስመዝገብ፣ የሚታወቀው ከአደጋ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የተቆጠበው ሁሉ በአንድ ደብዳቤ ይሄዳል።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ኡበር ነው። አሮጌዋን መኪና፣ ዓመተ ምሕረቷ ከፈቀደ፣ ቅዳሜና እሑድ ሊፍት ወይም ኡበር ላይ ማውጣት የብዙ ሰው እቅድ ነው። የግል ኢንሹራንስ ሰው ጭኖ ገንዘብ መቀበልን አይሸፍንም። መተግበሪያው በርቶ ጥሪ እየተጠበቀ ባለበት ሰዓት ኩባንያዎቹ የሚሰጡት ለሌላው ወገን 50,000፣ 100,000 እና 25,000 ዶላር ነው፤ ለሾፌሩ መኪና ምንም የለም። ጥሪ ከተቀበሉ ወይም ከጫኑ ላያቢሊቲው ወደ 1 ሚሊዮን ይወጣል፣ የሾፌሩንም መኪና ያሠራሉ፤ ሁለት ነገር ተጠብቆ ግን። አንደኛ ዲዳክቲብሉ 2,500 ነው፣ ይህም የ4,000 ዶላሯን መኪና ከግማሽ በላይ ይውጣታል። ሁለተኛ፣ የግል ውሉ ላይ ኮሊዥንና ኮምፕሪሄንሲቭ ሊኖር ይገባል። ከላይ እንዳልነው ኮሊዥኑን የተወ ሰው ከኡበርም አያገኝም። ሊሠራባት ካሰበ ለራይድሼር ተብሎ የሚጨመረውን ማሟያ ይጠይቅ፤ በጥቂት ዶላር ክፍተቱን የሚደፍኑ ኩባንያዎች አሉ። ከኩባንያው ደብቆ መሥራት ግን ውሉን የሚያሰርዝ ነገር ነው።

ግዢ ላይ የማይዘለል አንድ ነገር አለ፦ የመኪናዋን መለያ፣ ቪን የሚባለውን ቁጥር፣ ይዞ ዋጋ መጠየቅ፣ ያውም ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት። ርካሽ የሆነችበት ምክንያት ብዙ ጊዜ እዚያ ይወጣል። ከ2011 እስከ 2022 የተሠሩ አንዳንድ ኪያና ሁንዳይ መኪኖች፣ በቁልፍ የሚነሱት፣ የሌባ መከላከያ ቺፕ ስላልነበራቸው በ2022 አሰራረቃቸው በቪዲዮ ሲሰራጭ ስርቆቱ አገሩን አጥለቀለቀው። ትልልቅ ኩባንያዎች በአንዳንድ ከተሞች አዲስ ውል አንሰጥም እስከማለት ደረሱ። ከጨረታ የመጣች፣ ተደምስሳ የተጠገነች፣ ሳልቬጅ የሚል ማኅተም ያለባት መኪናም እንደዚያው ናት። ላያቢሊቲ ታገኛለች፤ ኮሊዥን ግን ወይ ይከለከላል፣ ወይ በአደጋ ጊዜ ዋጋዋ ተቀንሶ ይከፈላል።

ኤጀንቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። ስቴት ፋርም ውስጥ ያለው የሚሸጠው የስቴት ፋርምን ነው፤ የወንድም ልጅ ቢሆን እንኳ የሌላውን ሊያሳይ አይችልም። ነጻ ኤጀንት ደግሞ የብዙ ኩባንያዎችን ዋጋ በአንድ ጊዜ ያወጣል። ጋይኮ ደግሞ በቀጥታ ይሸጣል። ከሦስቱም መጠየቅ አለበት፣ አንድ ዓይነት ሽፋን ይዞ፤ ያለዚያ 50,000ውን ከ100,000ው ጋር እያወዳደሩ ረከሰልኝ ይባላል። ለብዙ ዓመት አንድ ቦታ መቆየት እንደ ወዳጅነት አይቆጠርም፣ በዋናነት ዋጋ የሚነካው ታሪኩ አለመቋረጡ ነው። ስድስት ወሩን በአንዴ መክፈል የየወሩን ጭማሪ ያስቀራል፤ እቁቡን ከእድሳቱ ጋር እንዲገጥም አድርጎ የሚወጣ ሰው ይህን ያውቃል። ሜሪላንድ ውስጥ ሁለት ኩባንያ የከለከለው ወይም አንዱ የሰረዘበት ሰው፣ ክፍለ ግዛቲቱ በ1972 ሕግ ያቋቋመችው ሜሪላንድ አውቶ አለለት፤ ርካሽ አይደለም፣ ግን አይመልስም።

ክረምቱን አገር ቤት ለማሳለፍ ሦስት ወር የሚሄድ ሰው ደግሞ አሮጌዋን ደጅ አቁሞ ኢንሹራንሷን ሊሰርዝ ያስባል። ታርጋው መኪናዋ ላይ እያለ መሰረዝ በሦስቱም ቦታዎች ቅጣት ያመጣል፤ ሜሪላንድ ቅጣቱን በየቀኑ ትቆጥራለች። የሚሰረዝ ከሆነ መጀመሪያ ታርጋው ይመለሳል ወይም በቨርጂኒያ ዲኤምቪ እንዲቦዝን ይደረጋል፣ ከዚያ ውሉ ይቋረጣል። ታርጋ የሌላት መኪና ደግሞ መንገድ ዳር መቆም አትችልም፤ የሰው ግቢ ያስፈልጋታል። ከመሰረዝ ይልቅ ኤጀንቱን "መኪናዋ አትነዳም፤ ምን ያህል ልትቀንሱልኝ ትችላላችሁ?" ብሎ መጠየቁ ይሻላል። የመጀመሪያዋ መኪና ውል ላይ አብራ ከቆየች፣ ሰውየው በመስከረም ሲመለስ የሁለቱ ቅናሽም ያልተቋረጠው ታሪክም እንዳለ ይጠብቀዋል።